እሺ፣ ከዚያስ?

ያደግሁበት ቤት ግድግዳው ይነበብ ነበር።

ጭቃ ቤት ነው። ጭዱ ከምርጊቱ እየተነቀለ ልብስ እንዳያቆሽሽ፣ ብርዱም በስንጥቁ እንዳይገባ፣ አያቴ የእንቁጣጣሽ ሰሞን በመጣ ቁጥር ግድግዳውን ጋዜጣ ታለብሰዋለች። የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ እያማሰለች እንደ አጥሚት ታቀጥነዋለች፤ ማጣበቂያችን እሱ ነው። እኔ ገጹን እዘረጋለሁ፣ እሷ በጨርቅ ትቀባለች፣ ከዚያ ጫፍና ጫፉን ይዘን ግድግዳው ላይ እናሳርፈዋለን። አሮጌው አይነሣም፤ አዲሱ በላዩ ይደረባል። ስለዚህ ግድግዳችን እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነበር። ሌሊት አይጥ የዱቄቱ ሽታ ስቧት ጥግ ጥጉን ስትቆረጥም ታድርና፣ ጠዋት ከአዲሱ ገጽ ሥር የድሮው ብቅ ብሎ ይጠብቀኛል፤ እኔ ከመወለዴ በፊት የታተመ ወሬ፣ በአይጥ ጥርስ የተከፈተ።

ፊደል የቆጠርሁት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ማንበብ የለመድሁት ግን ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ማታ መደቡ ላይ ጋደም ብዬ በኩራዝ ብርሃን አነብባለሁ፤ አያቴ እምዬ እንዝርቷን እያሾረች ትሰማለች። ርእሱ ወፍራም ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። ሐተታው ግን ወይ ሌላ ገጽ ተለጥፎበታል፣ ወይ የተሰቀለው ሰፌድ ጋርዶታል፣ ወይ ምስማር ተመትቶበት የእምዬ ነጠላ ተንጠልጥሎበታል። አንድ ቦታ ላይ የሚታየው ‹‹ጎበኙ›› የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

‹‹እሺ፣ ከዚያስ?›› ትለኛለች እምዬ።

‹‹ተሸፍኗል እምዬ፤ አይታይም።››

‹‹የተሸፈነውን አንተ ንገረኛ! ትልቅ ሰው ሊጎበኝ መጥቶ በባዶ አፉ አይመለስም። ማን ተቀበላቸው? ምን ቀረበላቸው? ውሻውስ ታስሮ ነበር?››

እኔም እነግራታለሁ። እኒያ ስማቸው ያልታወቀ ትልቅ ሰው አንድ ማታ የጎረቤታችንን አዲስ ጥጃ ይጎበኛሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ የሠፈራችንን ወፍጮ። የቀረ ነገር ካለ እምዬ ታርመኛለች። ‹‹ጥጃ ሊያይ የመጣ ሰው እርጎ ሳይቀምስ አይሄድም፤ እሱን ጨምርበት›› ትለኛለች፤ እጨምርበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ርእስ ባየሁ ቁጥር የእምዬ ጥያቄ ይከተለኛል። ይልቁንም በአንድ ወቅት በወፍራም ፊደል ታትሞ ወጥቶ፣ ኋላ ሐሰት ወይም ስሕተት ሆኖ የተገኘ ርእስ ሳገኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ርእሱ አንዲት መስመር ናት። እውነት ብትሆን ኖሮ ግን ዓለም ሁሉ ለእሷ ሲል ቦታ መልቀቅ ነበረበት። ምን ይቀር ነበር? ምን ይመጣ ነበር? ማን ከማን ይጋባ ነበር? እስቲ ጠጋ በሉና ጥቂቱን ልተርክላችሁ። የሆነውን ‹ሆነ›፣ ያልሆነውን ‹ቢሆን ኖሮ› እያልሁ ነው የምሄደው። ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እቆጥራለሁ።

ኖቬምበር 9 ቀን 1874 ማለዳ፣ ኒው ዮርክ ቁርሷን ልትበላ ስትቀመጥ ‹ኒው ዮርክ ሄራልድ› ጋዜጣ መርዶ ይዞ ገባ። ሴንትራል ፓርክ በሚባለው መናፈሻ የሚኖሩት አራዊት በረታቸውን ሰብረው ከተማዋን እያመሱ ነው፤ 49 ሰው ሞቷል ይላል። አንበሳው ወጥቷል፣ አውራሪሱ ወጥቷል፣ ግሥላው ወጥቷል። ሰዉ ተንጫጫ። ልጁን ፍለጋ የሮጠ አለ፣ መዝጊያውን የቀረቀረ አለ፣ ጠመንጃ ያነሣም አለ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው የዘለቀ አንባቢ ግን ከታች፣ ከመጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ፈጠራ መሆኑን ከጋዜጣው ከራሱ አፍ ያገኘዋል። አራዊቱ ከየበረታቸው ንቅንቅ አላሉም። ጋዜጣው የበረቶቹ ነገር ይታሰብበት ማለቱ ነበር።

ይህ ጋዜጣ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1868፣ እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ሄንሪ ስታንሊን ከሠራዊቱ ጋር የላከው ይኸው ሄራልድ ነው። ስታንሊ ስዌዝ ላይ ካለው የቴሌግራፍ ቤት ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ ስለነበር፣ የመቅደላ መያዝ ወሬ ከእንግሊዝ ጦር መልእክት ቀድሞ ለንደን ገባ። አንድ ጋዜጣ ነው፤ አንድ ጊዜ እውነቱን ከመንግሥት ቀድሞ አደረሰ፣ አንድ ጊዜ ያልሆነውን ነግሮ እናቶችን በየመንገዱ አስሮጠ።

ከዚያስ? አራዊቱ በእርግጥ ወጥተው ቢሆን ኖሮ?

የመጀመሪያውን ሳምንት ኒው ዮርክ ቤቷን ዘግታ ትከርማለች። በሁለተኛው ሳምንት ግን እንጀራ ያስወጣል። ሠራተኛው ይወጣል፣ ወተት ሻጩ ይወጣል፣ ልጆችም ይወጣሉ። ሲውል ሲያድር ከተማዋ ሐረር የምታውቀውን ትማራለች። ሐረርን ያየ ሰው ያውቃል፤ በጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ ማለፊያ ተብሎ የተተወ ቀዳዳ አለ። ሲመሽ ጅቡ በዚያ ገብቶ የከተማዋን ውዳቂ ለቃቅሞ ይወጣል፤ ከግንቡ ውጪም በስም እየጠራ በእጁ የሚያጎርሰው ሰው አለ። ኒው ዮርክም እንዲሁ ብሮድዌይ ጫፍ ላይ ለግሥላ ማለፊያ ታበጃለች። አንድ ሽማግሌ ማታ ማታ ቅርጫት ሥጋ ይዞ ይወጣና አንበሳውን በስሙ ይጠራዋል። ሌባ ከሠፈሩ ይጠፋል። ያረፈደ ተማሪ ‹‹አውራሪስ መንገድ ዘግቶብኝ ነው›› ቢል መምህሩ ያምነዋል፤ እሱም የመጣው በዚያው መንገድ ነውና። ሽማግሌው ያረፈ ዕለት ደግሞ አንበሳው ከቀብሩ አይቀርም፤ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ሰዉም ቦታ ይለቅለታል። እምዬ ብትሰማ ‹‹ለአንበሳው ንፍሮ ሰጡት ወይ?›› ትለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ትረካ ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ጫፉ እኛ ጓዳ ድረስ ይደርሳልና።

በ1948 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሆነ። ወንበሩ ላይ ያለው ሃሪ ትሩማን ነው፤ ተፎካካሪው የኒው ዮርኩ አገረ ገዥ ቶማስ ዲዊ። የሕዝቡን ሐሳብ አጥንተናል የሚሉትም ሆኑ ጋዜጠኞቹ ዲዊ ያሸንፋል ብለው ጨርሰዋል። ‹ቺካጎ ትሪቢዩን› ደግሞ ድሮም ለትሩማን ፍቅር የለውም። በዚያ ላይ የጋዜጣው ፊደል ለቃሚዎች ሥራ ካቆሙ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እነሱ ስለሌሉ ወሬው በታይፕራይተር ይጻፋል፣ የተጻፈው ፎቶ ይነሣል፣ ከፎቶው የማተሚያ ሰሌዳ ይቀረጻል። ይህ ሁሉ ሰዓት ይበላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እትም ድምፁ ተቆጥሮ ሳያልቅ መታተም ነበረበት። አዘጋጆቹ ዋሽንግተን ያለውን አንጋፋ ዘጋቢያቸውን አርተር ሲርስ ሄኒንግን ጠየቁ፤ እሱም ዲዊ ነው አለ። ‹‹ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ›› የሚለው ርእስ በፊት ገጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። 150,000 ቅጂ ያህል ታተመ።

ሲነጋ ትሩማን በ303 የመራጮች ድምፅ አሸንፏል፤ ዲዊ 189 ላይ ቀርቷል። በኖቬምበር 4 ትሩማን ከሚዙሪ ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ ባቡሩ ሴንት ሉዊስ ጣቢያ ቆመ። ከመጨረሻው ፉርጎ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያንን ጋዜጣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። ፎቶው ዛሬም አለ፤ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። ያን ፎቶ ሳይ ሁልጊዜ የሚታወሱኝ በፎቶው ውስጥ የሌሉት ፊደል ለቃሚዎች ናቸው። እጃቸው በሥራው ላይ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣው ጥቂት ሰዓት ይጠብቅ ነበር፤ ጥቂት ሰዓት ቢጠብቅ ያ ርእስ አይወለድም ነበር። ሁሉም ሄኒንግን ይወቅሳል። እኔ ግን ከሄኒንግ ይልቅ በሰዓቱ እፈርዳለሁ። እርግጥ ለማወቅ ሰዓት ያጣ ሰው የሚመኘውን ይጽፋል።

እሺ፣ ከዚያስ? ጋዜጣው ልክ ቢሆን ኖሮ?

ዲዊ ባለ ሪዝ ነው። ታፍት በ1913 ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ሪዝ ያለው ሰው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እንግዲህ በ1949 የአሜሪካ ጸጉር አስተካካዮች ሥራ ይገለበጣል፤ ትናንት ‹‹ላጨው›› ሲላቸው የነበረ ደንበኛ ዛሬ ‹‹እንደ ፕሬዚዳንቱ ከርክመው›› ይላቸዋል። ዲዊ ሁለተኛም ተመርጦ ቢሆን፣ በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ የሚቀበላቸው አይዘንሃወር መሆኑ ይቀርና ዲዊ ይሆናል። ሁለቱ ባለ ሪዞች ጎን ለጎን ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች መስኮት ላይ ይሰቀላል፤ የሚሞሸር ጎረምሳ ሁሉ ከሠርጉ ወር አስቀድሞ ሪዙን ማሳደግ ይጀምራል።

ይህ ቀላሉ ነው። ትሩማን በምርጫው ተሸንፎ ወደ ሚዙሪ ቤቱ ተመልሶ ፒያኖውን ይመታል። ጃንዋሪ 20 ቀን 1949 ያደረገውን ንግግር አያደርግም ማለት ነው። በዚያ ንግግር አራተኛው ነጥብ ላይ ነው አሜሪካ እውቀቷን ለድኻ አገሮች ታካፍላለች ያለው። ‹ፖይንት ፎር› የሚለው ስም ከዚያ መጣ፤ በአዲስ አበባ ያንን ስም ያልሰማ የዚያ ዘመን ተማሪ አልነበረም። የኦክላሆማው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን አይቶ ነበር፤ ትሩማንም የፖይንት ፎርን ሥራ ለእሱ ሰጠው። ቤኔት በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ሥራው ግን አልሞተም። የኦክላሆማ መምህራን መጡ፤ ጅማ ላይ የእርሻ ትምህርት ተጀመረ፤ ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ኮሌጁ ተሠራ። በነዚህ ትምህርት ቤቶች በኩል ከገቡት እንስሳት መካከል ነጯ የሌግሆርን ዶሮ አለች።

አሁን ወደ ጓዳችን ገባን። ዲዊ አሸንፎ፣ ትሩማን ፒያኖ እየመታ፣ ቤኔትም ከኦክላሆማ ሳይነቃነቅ ቢቀር፣ ‹‹የፈረንጅ ነው የሐበሻ?›› የሚለው ጥያቄ ከሱቅ ደጃፍ ይጠፋል። እስቲ ያንን ጥያቄ አስቡት። ገዢዋ እንቁላሏን ከሰፌዱ አንሥታ ወደ ፀሐይ ታነጣጥራለች፣ በጥፍሯ ቆርቆር ታደርጋለች፣ ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ ታደርጋለች። ‹‹ይቺማ የፈረንጅ ናት፤ አስኳሏ ገርጥቶ ነው የሚወጣው›› ትላለች። ባለ ሱቁ ‹‹እመቤቴን! የጓሮ ናት፤ እናቴ ከገጠር የላከችልኝ ናት›› ይላል። እሷ ትሄዳለች፣ እሱ ይጠራታል፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ይጨቃጨቃሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ስሟን ያውቃል። በአራተኛው የእናቱ መንደር የት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ለዳግማ ትንሣኤ ሽማግሌ ይላካል። ዲዊ ባሸነፈበት ዓለም ግን እንቁላል እንቁላል ነው፤ አንስታ፣ ከፍላ፣ ‹‹ደኅና ዋል›› ብላ ትሄዳለች። ባለ ሱቁ ላጤ ሆኖ ይቀራል። ቺካጎ ላይ በአንድ ሌሊት የተጻፈ ርእስ እዚህ አንድ ሠርግ ያፈርሳል።

ዲዊም ቢሆን እርዳታውን በሌላ ስም ይልከው ይሆናል፤ ዶሮዋም በሌላ በር ትገባ ይሆናል። እምዬ ግን እንዲህ ያለውን ማስተካከያ አትወድም ነበር። ‹‹ርእሱ ያለውን ተከተል፤ በመሐል አትመለስ›› ነው የምትለኝ።

ወደ ሦስተኛው እንለፍ። በኦክቶበር 1903 አንድ ሳሙኤል ላንግሊ የተባለ ሊቅ የሠራው የበረራ መኪና ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ዛሬ እጅግ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ዋሽንግተንን እየታከከ የሚያልፈው ወንዝ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ‹ኒው ዮርክ ታይምስ› ‹‹የማይበርሩ የበረራ መኪናዎች›› የሚል ርእስ አወጣ። በእርግጥ የሚበርር መኪና እንዲገኝ የሒሳብ ሊቃውንትና መካኒኮች ተባብረው ከአንድ ሚሊዮን እስከ አሥር ሚሊዮን ዓመት ሊወስድባቸው ይችላል አለ። 69 ቀን ወሰደ። ዲሴምበር 17 ቀን ራይት ወንድማማቾች ኪቲ ሆክ በሚባል አሸዋማ ስፍራ ለ12 ሴኮንድ በረሩ።

አሥር ሚሊዮኑ ዓመት እውነት ቢሆን ኖሮስ? በአፕሪል 1946 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ የገባው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ አይኖርም። ልደታም ቦሌም አውሮፕላን ስለማያርፍባቸው፣ ቦሌ ጤፍ ይዘራባታል፤ ‹የቦሌ ልጅ› ማለት በሬ ጠባቂ ማለት ይሆናል።

ዋሽንግተን ያለች ልጇ በርበሬ ያማራት እናትስ ምን ታደርጋለች? ዛሬ እንደምናውቀው፣ አውሮፕላን ጣቢያው ወለል ላይ ሻንጣ ከፍታ፣ 23 ኪሎ አልፏል ስለተባለች በርበሬውን ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዘዋውር፣ ድርቆሹን ስታስወጣ፣ ሽሮውን በእጅ ቦርሳ ስትሸጉጥ፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ‹‹የእኔ ውስጥ ቦታ አለ፣ ያምጡት›› ሲላት እናያታለን። በርራ በማትሄድበት ዓለም ውስጥ ግን የኪሎ ነገር የለም። በቅሎ ትጭናለች፣ ባቡሩ እስከ ጅቡቲ፣ መርከቡ በስዌዝ በኩል። በርበሬው በስልቻ ነው፣ ቅቤው በቅል ነው። ለገና የላከችው በግ በሕይወቱ ይሄዳል። ሲነሣ ጠቦት የነበረው በግ በመንገድ እየበላ፣ በየወደቡ እያረፈ፣ ሲደርስ ሙክት ሆኖ ለፋሲካ ይደርሳል። መርከበኞቹም በጉዞው ላይ እየተላመዱት ስም አውጥተውለት ነበርና፣ ሲለዩት ያለቅሳሉ። ልጂቱ በጉን ከማረዷ በፊት ደብዳቤውን ታነብባለች፤ ‹‹ይኸ በግ ሲደርስሽ እኔም ደኅና ነኝ›› ይላል፣ ከአራት ወር በፊት ተጽፎ።

ጨረቃ ላይ ሁለት ርእስ አለኝ፤ አንድ ላይ ካልተነገሩ አይጥሙም። በኦገስት 1835 የኒው ዮርኩ ‹ሰን› ጋዜጣ በስድስት ተከታታይ ክፍል አንድ ታላቅ ነገር አወራ። ሰር ጆን ሄርሼል የተባሉት የከዋክብት ሊቅ ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሆነው በትልቅ መነጽር ጨረቃን ቢመለከቱ፣ እዚያ ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ፣ በሁለት እግሩ እየሄደ ልጁን በክንዱ የሚያቅፍ ቢቨር የተባለ እንስሳ፣ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ፣ እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ያላቸው ሰዎችም አገኙ ተባለ። ሄርሼል በእርግጥ በኬፕ ታውን ነበሩ፤ ያን ሁሉ ግን አላዩም፣ አላሉምም። ሁለተኛው ርእስ በጃንዋሪ 1920 የመጣ ነው። ሮበርት ጎዳርድ ሮኬት ከአየር በላይ ሊወጣ ይችላል ብሎ በመጻፉ፣ ያው ‹ኒው ዮርክ ታይምስ› ገሠጸው። ሮኬት አየር በሌለበት የሚገፋው ነገር የለውምና መሄድ አይችልም፤ ይህ ሰው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን አያውቅም አለ።

ሁለቱም ልክ ቢሆኑ ኖሮ? ጨረቃ ላይ ሰው አለ፤ ወደ ጨረቃ ግን መሄድ አይቻልም። የጨረቃ ሰዎች በትልቁ መነጽር መታየታቸውን ሰምተዋል፤ ያያቸው ሰው መምጣቱ አይቀርም ብለው ይዘጋጃሉ። ቤታቸውን ይጠርጋሉ፣ ቄጤማ ይጎዘጉዛሉ። ቢቨሩ እሳቱን ያያይዛል፤ ለጭሱማ ጋዜጣው መስክሮለታል። አቦሉ ይፈላል፣ እንግዳ የለም። ቶናው ይፈላል፣ እንግዳ የለም። ክንፋሞቹ በየተራ ወደ ደጅ እየወጡ ወደ ምድር ያያሉ፤ ‹‹መብራት አየሁ›› ይላል አንዱ፣ ‹‹ከተማ ነው›› ይለዋል ሌላው። በረካው ይፈላል። ባለ አንድ ቀንዱ እንስሳ እንደቆመ እንቅልፍ ይወስደዋል። እዚህ ታች ደግሞ የሄደ የለም፤ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ አይቻልም ብሏልና። እምዬ ይህንን ትረካ ብትሰማ ኖሮ፣ ‹‹ቡናውን በርኖስ ያልብሱት፤ እንግዳ አርፍዶም ይመጣል›› የምትል ይመስለኛል።

አርፍዶም መጣ። አፖሎ 11 ጁላይ 16 ቀን 1969 ተወነጨፈች። በማግሥቱ፣ ጁላይ 17፣ ‹ኒው ዮርክ ታይምስ› ከ49 ዓመት በፊት የጻፈውን አስታውሶ ማረሚያ አወጣ። ሮኬት አየር በሌለበትም እንደሚሠራ አሁን በማያሻማ ሁኔታ ተረጋግጧል፤ ስለ ስሕተቱ እናዝናለን አለ። ጎዳርድ ያን አላነበበም፤ በ1945 ሞቷል። ቢሆንም እኔ ያችን ማረሚያ እወዳታለሁ። ሰው ጨረቃ ላይ ሊወርድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዓለም ሁሉ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ፣ የድሮውን ገጽ ፈልጎ አውጥቶ ‹ተሳስተን ነበር› ያለ ጋዜጣ የሚመሰገን ነው። ፈልጎ ያገኘውም ገጹ ስለተቀመጠ ነው።

አሁን የመጨረሻውን ልናገር፤ ይኸኛው አያስቅም። ሳይሆን የቀረ ርእስ ሁሉ የሚያስቅ አይደለምና። አንዳንዱን ‹ምነው እውነት በሆነ› ያሰኛል።

በአፕሪል 15 ቀን 1912 የባልቲሞሩ ‹ኢቭኒንግ ሰን› የታይታኒክ ተሳፋሪዎች በሙሉ መትረፋቸውን በትልቅ ርእስ አወጣ። ያ ጋዜጣ በሚሸጥበት ሰዓት 1,500 ያህል ሰው በባሕር ውስጥ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1918፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አበቃ የሚል ወሬ ከፈረንሳይ በቴሌግራፍ አሜሪካ ገባ፤ ጋዜጦችም በትልቁ አወጡት። ኒው ዮርክ ሥራዋን ጥላ አደባባይ ወጣች፣ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቀፈ። ወሬው አራት ቀን ቀድሞ ነበር። ጦርነቱ ያበቃው ኖቬምበር 11 ከጠዋቱ በ11 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ነው።

ሄንሪ ጋንተር የባልቲሞር ልጅ ነው፤ ወደ ጦር ሜዳ ከመሄዱ በፊት በባንክ ይሠራ ነበር። ኖቬምበር 11 ሰላም ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ በ10:59፣ ወደ ጀርመኖች መትረየስ ገሠገሠ። ጀርመኖቹ ሊያልቅ መሆኑን ያውቁ ነበርና ተመለስ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡት። አልተመለሰም፤ ተኩሰው ገደሉት። በዚያ ጦርነት ከሞቱት አሜሪካውያን የመጨረሻው እሱ ነው ተብሎ ተመዝግቧል።

ያ የኖቬምበር 7 ርእስ እውነት ቢሆን ኖሮ? ጋንተር ያን ዕለት ጠመንጃውን ግንድ ላይ ያስደግፋል። ጭቃውን ከጫማው ይጠርጋል። ለእናቱ ደብዳቤ ይጽፋል። በመርከብ ይመለሳል፣ ባልቲሞር ይገባል፣ ባንኩ ውስጥ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በመስኮቱ በኩል አንዲት አሮጊት ገንዘብ ልታስቀምጥ ስትመጣ ብሩን ቆጥሮ ይቀበላታል፤ ስንት ነው ብትለው ይነግራታል። ምሳ ሰዓት ሲሆን ቆቡን አንሥቶ ይወጣል፤ ጋዜጣ ይገዛል። አላምረውም፣ ከዚህ አላልፍም። የሰውዬው ቀን እንደማንኛውም ሰው ቀን ይመሽ ነበር።

እምዬ ካረፈች ቆየች፤ ያ ቤትም ዛሬ በሲሚንቶ ተለስኗል። ሲለሰን እኔ አልነበርሁም። የጋዜጣው ድርብርብ እንደ ቅርፊት ተልጦ፣ ከነዱቄቱና ከነአይጥ ጥርሱ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ መጣሉን ሰማሁ። ‹‹ጎበኙ›› የሚለው ገጽም አብሮ ሄዷል፤ ማን ምን እንደጎበኘ ከእንግዲህ በዚያ ግድግዳ አላውቅም። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ በቤታችሁ ከሣጥን ሥር፣ ከቆጥ ላይ፣ ከግድግዳ ውስጥ የቆየ ጋዜጣ ካለ ለቆሎ መጠቅለያ አትስጡት። የተሳሳተውንም፣ እርሙ የወጣለትንም፣ ግማሹ የተቀደደውንም አንሡና ወመዘክር ውሰዱት፤ ወይም 6 ኪሎ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስጡት። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ማታ አንድ ርእስ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ሐተታውን በእጃችሁ ሸፍኑና፣ ከዚያስ በሏቸው።